የንዑስ ኮሚቴው ዒላማ

ሰው ብቻውን ሲሆን የሚሠራው ስሕተት ልክ አለው። ቢበዛ ቢበዛ ቁልፍ ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ይዘጋል፣ ወጥ ላይ ጨው ይደግማል፣ የማይሆነውን ሰው ያገባል... በቃ! ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ይህንኑ ሰው ከመሰሎቹ ጋር ሰብስባችሁ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ ስትሰጡት ግን ብቻውን በሕልሙ እንኳ የማይደፍረውን ጥፋት በሙሉ ድምፅ ያጸድቃል። ኮሚቴ ለሥራ የተፈጠረ ይመስላችኋል እንዴ? የዋሆች! ኮሚቴ የተፈጠረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው።

ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። እኔ ራሴ የንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርኩ። የምን ንዑስ ኮሚቴ አትሉኝም? የዒላማ! አዎ፣ ቀስት የሚወረወርበት ዒላማ። ምነው ሳቃችሁ?

ነገሩ የሆነው አሶሳ ነው፤ ክልሉ ገና በእግሩ ሳይቆም። ቢሮው ሁሉ አዲስ ነበር። ማኅተም አለ፣ ወንበር የለም። ጠዋት ቀድሞ የገባ ወንበር ይይዛል፣ የዘገየ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ በጣም የዘገየ ደግሞ "ለመስክ ሥራ" ይወጣል። ከየአገሩ በዝውውር ተጭነን የመጣን ሠራተኞች ነበርን። እኔ ከደብረ ማርቆስ ነው የመጣሁት። የቢሯችንን ስም አልነግራችሁም፤ ባህልም ስፖርትም በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው ይባል ነበር ብቻ ብያችሁ ልለፍ።

ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን አዲስ አበባ ለሴሚናር ሄደው ሲመለሱ እንደ ሰው ዳቦ ይዘው አይመጡም፤ ቃል ይዘው ነው የሚመጡት። ያን ሰሞን ይዘው የመጡት "ዘላቂ" የሚለውን ነበር። እናንተ አልነበራችሁም፤ እኛ ግን አየነው! ዘላቂ ዕቅድ፣ ዘላቂ ስብሰባ፣ ዘላቂ አጥር... የጽዳት ሠራተኛዋ ሻይ ስታቀርብ እንኳ "ዘላቂ ነው?" እያልን እንቀልዳለን።

ወረዳዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት የስፖርትና የባህል በዓል ተደገሰና ስብሰባ ተጠራን።

"የቀስት ውርወራ የግድ መኖር አለበት" አሉ አቶ ጌታሁን። "ለዚህም ከተፈጥሮ የተገኘ፣ በራሳችን አቅም የተሠራ፣ ዘላቂ ዒላማ ያስፈልገናል።"

"ከአዲስ አበባ ስፖንጅ ብናስመጣስ?" አለ አንዱ።

አቶ ጌታሁን በሐዘን አዩት። "ስፖንጅ ተፈጥሮ ነው?"

እውነቴን ነው፣ ግማሹ ተሰብሳቢ ገና እያሰበበት ነበር!

እኔ በዚያች ቅጽበት አዛጋሁ። አፌን ስከፍት አስተያየት ያለኝ መሰላቸውና "በጣም ጥሩ፣ አንተ ሰብሳቢ ሁን" ተባልኩ። እንዲህ ነው እንግዲህ አገር የሚመራው።

"ወርዋሪውስ ማን ይሁን?" ሲባል ደግሞ የሁሉም ዐይን ወደ በየነ ዞረ። በየነ የዕቅድ ክፍል ባልደረባችን ነው። የጉባ ልጅ፣ ጉሙዝ ነው። ከዚህ ሌላ የሂሳብ መምህር የነበረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚለብስ፣ ከእስክርቢቶ በቀር ስለት ነገር ይዞ ማንም ያላየው ዝምተኛ ሰው ነው። ለእኛ ቢሮ ሊቃውንት ግን ጉሙዝ ከሆነ ደጋኑን ይዞ ነው የተወለደው! እኔ ከደብረ ማርቆስ ስመጣ "ተነሥና ቅኔ ዝረፍ" ያለኝ የለም። ቢሉኝም ጉዴ ነበር። በየነን ግን አንድ ሰው "ትችላለህ ወይ?" ብሎ ሳይጠይቀው ፕሮግራሙ ላይ "በአቶ በየነ የሚቀርብ የቀስት ትርኢት" ተብሎ ተጻፈ።

ከስብሰባው ስንወጣ እጄን ይዞ ወደ ማንጎው ጥላ ሳበኝ።

"ወንድሜ፣ ጉድ ሆኛለሁ።"

"ምነው?"

"ደጋን ከያዝኩ ስንት ዘመኔ! ልጅ ሆኜ አጎቴ አስተምሮኝ ነበር። ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ከዚያ ኮሌጅ..."

"ታዲያ አልችልም በላቸዋ! ምን ያስፈራል?"

"አጎቴ ይመጣል" አለኝ። "ከጉባ ልዑካን ጋር። ያሳደገኝ እሱ ነው። ቤት በሄድኩ ቁጥር 'እየወረወርክ ነው?' ይለኛል፤ 'አዎ' እለዋለሁ።" ቀጠለና "ያ ሁሉ ሰው ፊት ዒላማ ስስት ቢያየኝ ምንም አይለኝም። ምንም አለማለቱ ነው የሚገድለኝ" አለ።

የሚቀልድ መስሎኝ ዐይኑን አየሁት። አልቀለደም። አሳዘነኝ። እኛ ለፕሮግራም ማሟያ የጻፍነው መስመር ለእሱ ያሳደገው ሰው ፊት የሚቆምበት ቀን ነበር። እኔ ዒላማ መሥራት አለብኝ፣ እሱ መለማመድ አለበት፤ የተከራየሁት ቤት ሰፊ ግቢ አለው። "ከነገ ጀምሮ ከሥራ ስትወጣ እኔ ጋ ና" አልኩት።

ግቢው የሐጂ ባቢከር ነው። ሐጂ ባቢከር የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ነው የምንኖረው። በዚያን ጊዜ አሶሳ የሚከራይ ቤት ማግኘት ሎተሪ እንደማግኘት ነበርና እሳቸውን ከማስቀየም ኃላፊዬን ማስቀየም ይሻለኝ ነበር። "ትንሽ የቢሮ ሥራ በግቢው እንሠራለን" አልኳቸው። "ሥራ ኸይር ነው" ብለው ፈቀዱልኝ። ምስኪን!

መጀመሪያ የሞከርነው ኩይሳ ነው። ከተፈጥሮ የተገኘ? አዎ። በራስ አቅም የተሠራ? ምስጡ ራሱ ሠርቶታል! ዘላቂ? ከእኛ በፊት ነበረ፣ ከእኛም በኋላ ይኖራል። በዚህ ግኝቴ ኮርቼ ደረቴን ነፍቼ ሳልጨርስ በየነ የለቀቃት ቀስት ኩይሳው ላይ አርፋ አፍንጫዋ ተጣመመ። ሁለተኛዋ ከወገቧ ተሰበረች። በየነ ስብርባሪውን አንሥቶ "ይኼ ዒላማ ሳይሆን ጠላት ነው" አለ።

ቀጥሎ የሙዝ ግንድ ቆርጠን አቆምን። እሰይ! ቀስቷ እንደ ቅቤ ነው የምትገባው። ሁለታችንም ተቃቅፈን ልንጨፍር ምንም አልቀረን። ሰንበት ሲል ግን ግንዱ መበስበስ ጀመረ። ውኃው ይፈሳል፣ ዝንቡ ከባምባሲ ድረስ ተጠራርቶ ይመጣል፣ ሽታው ደግሞ... ምሳ እየበላችሁ ከሆነ ልተወው። ባለቤቴ አበባ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ይዛ "ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ!" አለችኝ። እኔም ትንሽ አሰብኩበትና ግንዱን አወጣሁ።

ከዚያ ቀርከሃ። አሶሳ እየኖሩ ቀርከሃን ማለፍ ነውር ነው። ወፍራም ወፍራሙን መርጠን ጎን ለጎን አስረን አቆምን። ሲያዩት ያምራል። ግን ቀርከሃ ክብ ነው፣ ልሙጥ ነው፣ ቀስትን ተቀብሎ አያስተናግድም፤ ወደ ጎን ነው የሚሸኘው። በየነ ለቀቀ፣ ቀርከሃው ሸኘ፣ ቀስቷ ታጥፋ ወደ ጓሮ ሄደች። ወዲያው ከጓሮ ጩኸት ሰማን።

"ያ ኡስታዝ! ና! ና እይ!"

ሮጥን። ገመድ ላይ የተሰጣው የሐጂ ነጭ ጀለቢያ መሐል ሆዱ ላይ ተወግቶ ይወዛወዛል። ሐጂ ባቢከር አጠገቡ ቆመው አንዴ እኛን አንዴ ጀለቢያውን ያያሉ።

"ወላሂ፣ ይሄ ለጁምዓ የምለብሰው ነው። እኔ ውስጡ ብኖርስ?"

"ይቅርታ ሐጂ፣ የቢሮ ሥራ ነው..."

"ቢሮ ሰው ይወጋል እንዴ? ሚስትህ ጥሩ ሰው ነው። ለእሱ ስል ነው የማላስወጣህ!"

አበባ በመስኮት ሆና ይህን ስትሰማ የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የኪራይ ቤታችን በእሷ መልካም ጠባይ እንደቆመ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሳው ታስታውሰኛለች።

በየነ ግን "የመጨረሻ ልሞክር" ብሎ ደጋኑን ሳበ። ከመደንገጡ የተነሣ ቀርከሃውን በላዩ አለፈውና ቀስቷ ሄዳ የሐጂ የእህል ጎተራ የሳር ክዳን ላይ ተሰካች። ሹክ! የምትል ድምፅ ብቻ ነው የሰማነው። አሁንስ ሻንጣዬን ላስር ብዬ ቀና ስል ግን አንድ ነገር ልብ አልን። ቀስቷ ቀጥ ብላ ቆማለች። አልተሰበረች፣ አልተጣመመች፣ አልወደቀች። በየነ መሰላል ላይ ወጥቶ ሳብ ሲያደርጋት ያለ ጣጣ ወጣች፤ ሳሩም ተመልሶ ገጠመ፣ ቀዳዳው ጠፋ። ተያየን።

"ጣራዬ ዒላማ አይደለም!" አሉ ሐጂ ከታች። እኛ ግን መልሱን አግኝተን ነበር።

እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ መወርወር ካማራችሁ እኛ ያደረግነውን አድርጉ። የቤት ክዳን ሳር አጭደን አደረቅን። እኩል እኩል ቆርጠን፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ወርዋሪው እንዲያይ አድርገን፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ በሠራነው ቀለበት ውስጥ እጅ እስኪያቅተው ጠቀጠቅነው። ዙሪያውን በልጥ አጥብቀን አሰርን። ቀስቷ ስትመጣ ሳሩ ገለል ይልላታል፣ ስትወጣ ይገጥማል። ሲላላ ልጡን ማጥበቅ ነው፤ ሲዘንብ ጥላ ሥር ማስገባት ነው፤ መሐሉ ሲያረጅ ያንኑ አውጥቶ አዲስ ሳር መጠቅጠቅ ነው። ስፖንጅ የለ፣ ገንዘብ የለ፣ ሽታ የለ! ከኋላው ደግሞ ጀለቢያ አለመኖሩን አረጋግጡ።

በየነም በዚያ ሳር ላይ ሰው ሆነ። እጁ ለካ አልረሳም ነበር። መጀመሪያ ጠርዙን፣ ከዚያ ጠጋ ጠጋ፣ በኋላ መሐሉን እየደጋገመ ይመታው ጀመር። ሐጂ ባቢከርም ጀለቢያቸው ከተሰፋላቸው በኋላ ከመስጊድ፣ ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት፣ ሲመለሱ ወንበር እያወጡ ይቀመጣሉ። "ማሻአላህ! ይሄ ልጅ ያን ቀን የት ነበር?" ይላሉ። በየነ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። "አጎቴ ይምጣ እንግዲህ" አለኝ አንድ ምሽት፣ የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ፈትቶ።

ዒላማውን ተሸክሜ ቢሮ ገባሁ። ኮሚቴው ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ ነካካው፣ አሸተተው።

"በጣም ጥሩ!" አሉ አቶ ጌታሁን። "በመርህ ደረጃ ተቀብለነዋል።"

እናንተ "በመርህ ደረጃ" የምትለዋን ስትሰሙ ጫማችሁን አውልቃችሁ ሩጡ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ።

"ነገር ግን" አሉ፣ "ሳር ብቻ? ይሄ ሳር የየትኛው ወረዳ አስተዋጽኦ ነው?"

"ሳር እኮ... ሁሉም ጋ አለ።"

"ሁሉም ጋ ካለማ ማን አዋጣ ይባላል?"

ከዚህ በኋላ ሐሳቡ "ዳበረ"። አንዱ ወረዳ ጣውላ ይላክ ተባለ። አንዱ ቀርከሃ። አንዱ ቀይ አፈር፣ አንዱ ጥጥ። ሁሉም ወረዳ አሻራው ይታይ! ፊቱ ጣውላ ይሁን፣ ለዕይታ ያምራልና። ከጣውላው ኋላ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው ኋላ የተመረገ አፈር...

"ሳሩስ?" አልኩ።

"ሳሩማ አለ፣ ከጥጡ ጋር መሐል ይገባል" አሉኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። "በመጨረሻም ዘላቂ እንዲሆን ቫርኒሽ ይቀባል።"

"አቶ ጌታሁን፣ ቀስት እኮ አይገባበትም!"

"ቀስት ሲገባበትማ ይጎዳል" አሉ። "ዘላቂ ይሁን ያልነው እንዳይጎዳ አይደለም እንዴ?"

እስቲ መልሱላቸው! ደግሜ አፌን ስከፍት "አፍራሽ አመለካከት" የሚል ድምፅ ከመስኮቱ በኩል ሰማሁ። በየነ እጁን አውጥቶ "ባለሙያው እኔ ነኝ ካላችሁ እኔ እምቢ ብያለሁ" አለ። "የአቶ በየነ ሐሳብ በጭብጨባ ተመዝግቧል" ተባለና ተጨበጨበ። ዒላማው ተሠርቶ ሲያልቅ የሚሸከሙት ጎረምሶች ከክብደቱ የተነሣ መንገድ ላይ አሳርፈውት ውኃ ጠጡ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። የጉባ ልዑካን በጭነት መኪና መጡ። ጉባ በካርታ ብታዩት ጎረቤታችን ነው፤ በመኪና ግን ያኔ ግማሽ አገር ዞረው ነው አሶሳ የሚገቡት። የበየነ አጎት ያን ሁሉ አቧራ ለብሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን አራግፈው ፊት ለፊት ተቀመጡ። በየነን ሲያዩት ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁለት።

አቶ ጌታሁን ድምፅ ማጉያውን ያዙ። "አሁን አቶ በየነ ዘላቂ በሆነው ዒላማችን ላይ..."

በየነ ደጋኑን ሳበ። ሲያምር! ትከሻው፣ አንገቱ፣ ትንፋሹ... ለቀቀ። ቀስቷ ሄዳ ቀዩ ክብ መሐል ላይ፣ እምብርቱ ላይ አረፈች። ጧ! ብላ ነጥራ ተመለሰች። በአየር ላይ ተገለባብጣ የክብር እንግዶቹ ጠረጴዛ ላይ ወደቀችና የአቶ ጌታሁንን ለስላሳ መጠጥ ደረታቸው ላይ ደፋችው።

"ስቷል!" አሉ አቶ ጌታሁን በድምፅ ማጉያ፣ ደረታቸውን እየጠረጉ። ደንቡ ያልተሰካ ቀስት አይቆጠርም ይላላ! ደንቡን ያወጣው ማን ነው አትበሉኝ።

ሁለተኛዋም እዚያው አረፈች። ጧ! "ስቷል!" ሦስተኛዋ። ጧ! "አሁንም ስቷል!" ሜዳው በሳቅ ተናጠ። በየነ ደጋኑን ዝቅ አደረገ። አጎቱን አላየም፤ መሬቱን ነው የሚያየው። ሕዝብ ሲስቅ እንደዚያን ቀን ጠልቼ አላውቅም። ያን ቫርኒሽ ከነባልዲው አንድ ሰው ራስ ላይ መድፋት አማረኝ፤ የማን ራስ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

አጎትየው ተነሡ። ቀስ ብለው እስከ ዒላማው ሄዱ። በጣታቸው አንኳኩት። ዞረው ኋላውን አዩ። እንደገና ፊቱን አንኳኩና ወደ አቶ ጌታሁን ዞሩ።

"ይሄ በር ነው?"

የሳቁ አቅጣጫ ወዲያው ተገለበጠ። አቶ ጌታሁን ማጉያውን ይዘው "አይ አባት፣ ይህ ዘላቂ..." ብለው ጀመሩ፤ ቀሪውን ማንም አልሰማቸውም። አጎትየው ጎንበስ ብለው ቀዩን ክብ በቅርብ አዩት። ቫርኒሹ መሐሉ ላይ ተፈንቅሏል፤ ሦስቱም ምልክት በአንድ አውራ ጣት ሥር ይሸፈናል። አውራ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው በየነን ጠሩት።

"አንተ መትቷል" አሉት። "እሱ ነው እምቢ አለ።"

በየነ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። እኔም ዐይኔ ውስጥ አቧራ ገባ፤ የዚያ ሜዳ አቧራ ደግሞ አታውቁትም። ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም።

"ሥራችሁ አልቋል? ካለቀ ለእኔ ስጡኝ።"

"ለምን ይሆንዎታል አባት?" አሉ አቶ ጌታሁን።

"ፍየል ቤት በር የለውም።"

አቶ ጌታሁን ፊታቸው በራ። ወዲያው በማጉያው "ዒላማው ለኅብረተሰቡ ተላልፎ ተሰጥቷል!" አሉ፤ ተጨበጨበ። ዒላማው በጉባ ልዑካን መኪና ላይ ተጭኖ ያንኑ ግማሽ አገር ሊዞር ሄደ። ከክልሉ ንብረት ይህን ያህል የተጓዘ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በሳምንቱ ግምገማ ተቀመጥን። ዒላማው "አንዳችም ጉዳት ሳይደርስበት ዘላቂነቱን በተግባር አስመስክሯል" ተብሎ ተመሰገነ። አቶ በየነ ደግሞ "ተደጋጋሚ የመሳት ሁኔታ ስለታየበት" አዲስ አበባ ሄዶ የቀስት ውርወራ ሥልጠና እንዲወስድ ተወሰነ። አልሳቅኩም፤ መሳቅ ያለበት በየነ ነበርና እሱን ጠበቅኩት። እሱም ሥልጠናውን ትቶ የዓመት ፈቃዱን ሞላና ጉባ ሄደ።

ሲመለስ ነገረኝ። በሩ ፍየሎቹ ቤት ላይ በደንብ ገጥሟል፤ ቫርኒሹ ዝናብም አያስገባም። ሰው ባለፈ ቁጥር አጎቱ አስቁመው ምልክቱን ያሳያሉ፤ "በየነ ነው" ይላሉ፣ ሌላ ምንም አይጨምሩም። በቢሯችን ሪፖርት መሠረት በየነ ዒላማውን ስቷል። ጉባ ያሉት ፍየሎች ግን በየምሽቱ ሲገቡ እሱ የመታበትን ቦታ በቀንዳቸው እያከኩ ያልፋሉ። ከኮሚቴውና ከፍየሎቹ ማንን እንደምታምኑ እንግዲህ የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ መርጫለሁ።